የዓርብ ዘይት

ዓርብ ማታ፣ ሱቄን ልዘጋ ስል፣ ወለሉን ስወለውል፣
በዚህ በዌልስ ጠረፍ ነፋሱ ደጄን ሲጎነትል፣
ኢድዋል ይመጣል፤ ሁለት ጀሪካን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል።
«ቀዘቀዘ?» ይላል። እኔን ማለቱ አይደለም፣ ዓሣዬንም አይደለም፤
ዘይቱን ነው። ለሰላምታ እንኳ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም።

ሳምንቱን ሙሉ ድንች የጠበስኩበት፣ ዓሣ ያገላበጥኩበት፣
እንደ ሻይ የጠቆረ፣ የሊጥ ፍርፋሪ የሰመጠበት፣
አስከፍለው የሚወስዱልኝ የማጀቴ ጣጣ፣
ለእሱ መንገድ ሆነ፤ ለአሮጌ መርሴዲሱ ናፍጣ።

ያሞቀዋል፤ ያጠልለዋል በሴት ስቶኪንግ ደጋግሞ፤
ውኃው ከሥር እስኪዘቅጥ ሁለት ሌሊት እንደ በሽተኛ አስታሞ፣
ያጠጣታል። ጠጥታ ታስላለች፣ ታጓራለች፣ ትነሣለች፤
መንደሩን በድንች ጥብስ ሽታ ታውደዋለች።
ልጆች ምራቃቸውን ይውጣሉ፣ ውሾች ይከተላሉ፤
የባሕር ወፎች ግን አያፍሩም፤ ከኋላዋ ይተማሉ፣
ሃያ ሠላሳ ሆነው፣ እየጮኹ፣ እንደ ሰርገኛ፤
ጭስ አሳድደው መና ይቀራሉ፤ በሳምንቱ ያው ተስፈኛ።

አንዴ የቀረጥ ሰው ድልድዩ ላይ አስቁሞት፣
ጎንበስ ብሎ ጭስ ማውጫዋን አሽትቶላት፣
«ይህ ናፍጣ ነው?» ቢለው፣
«ዓሣ ነው» አለው፤ «የማክሰኞ ነው።»
ሰውየው ሳቀ። ስቆም ቀጣው።

ጥር ሲገባ ዘይቱ ይረጋል፤ የሞተሯ ጉሮሮ ይታነቃል።
ያኔ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ፣ ትኩስ ውኃ በጠርሙስ ሥሯ ይወሽቃል፤
እምቢ ካለች ጥቂት ናፍጣ ያቀምሳታል፣
ጾም እንደገደፈ ሰው ግራ ቀኙን ያያል።
እኔ ሱቁን ከገዛሁ ሦስት ዓመቴ፣ እንግዳ ነኝ ለመንደር፤
ቆንቋና ነው ብዬ ነበር፣
ለሊትር ናፍጣ ሽማግሌ እንዲህ ሲቸገር።

የነገረችኝ አንዲት ነርስ ናት፣ ድንች ልትገዛ ገብታ፦
ሚስት አለችው፤ ኔስታ ትባላለች፤
ከተራራው ወዲያ፣ አርባ ማይል ርቃ፣ መጦሪያ ቤት ነው ያለች።
የልጆቿን ስም ረስታለች፣ የእሱንም ጭምር፤
ማንኪያ ታነሣለች፣ ለምን እንዳነሣችው ግራ ይገባታል፤
ከላመ በቀር እንዳትውጥ ሐኪም ከልክሏታል።
ሽታን ግን ማን ይከለክላል?
እሑድ ያች መኪና ከግቢው ሳትደርስ ሽታዋ ቀድሟት ሲገባ፣
ኔስታ ቀና ትላለች፤ «መስኮቱን ክፈቱልኝ»፤ ዓይኗ እንባ።
«ኢድዋል መጣ» አትልም።
«ከጭፈራው በኋላ ጥብስ እገዛልሻለሁ ብሎኝ ነበር» ትላለች፣
«አንድ ልጅ። ረጅም ልጅ። ጆሮው ትልቅ።»
ልጁም በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ በሩ ላይ ቆሞ፣
ባርኔጣውን ያወልቃል፣ አንገቱን አዘቅዝቆ።

ከዚያ ወዲህ ዘይቱን ሳያረጅ እቀይር ጀመር፤
ሒሳቤ አይወደውም። እጄ ግን አይሰማም ነበር።

መጋቢት ላይ አንድ ዓርብ ቀረ። ቀጥሎም ቀረ።
ማንንም አልጠየቅሁም።
መርሴዲሷ ከደጁ እንደቆመች ናት፤
ወፎቹ ጣሪያዋ ላይ፣ ሥራ እንደፈታ ሰው፣ ተደርድረውባት።
ከጓሮዬ ጀሪካኑ በዛ፤ አራት ሆነ፣ ሰባት።
ለመድፋት እጄ አልሄደልኝም።

በስምንተኛው ዓርብ በሩ ተከፈተ። እጁ ባዶ ነው።
«ዓሣ» አለኝ።
በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓሣ።
«ለስንት ሰው?» አልኩት፣ ምላሴ ከልማዱ ቀድሞኝ፤ ነከስኩት ወዲያው።
ቆሞ አሰበበት፣ እንደ ከባድ ሒሳብ።
«ለአንድ።»
ጠቀለልኩለት። ሳንቲሙን አንድ በአንድ ቆጠረ፤
ኮምጣጤውን ራሱ አንሥቶ ጨመረ፤
ከደጁ ደርሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣
«ዘይቱን ግን» አለኝ፣
«እንዳትደፊው።»