የመስመሩ ውፍረት

ቡሬ ማዘጋጃ፣ ከፎቁ አዳራሽ፣
ካርታው ተዘረጋ፣ ጥግ ጥጉ ሲሸሽ
በማኅተም፣ በቁልፍ፣ በስልክ ተይዞ፤
ሰብሳቢው አነበበ ድምፁ ደንዝዞ፦
«አጀንዳ አንድ፦ ሕንፃ፣ ባለአራት ወለል፣
ከወሰኑ አጠገብ፣ የገበያ ማዕከል።»

ባለሀብቱ ስሜነህ ሥዕሉን አሳየ፣
በመስታወቱ ላይ ሰማይ እየታየ፤
ዛፍ አለ፣ ሰው አለ፣ አለ ነጭ መኪና፣
የአንጓች ሙጬ በርበሬ ብቻ የለምና
እጇን አወጣች፣ ከኋላ ቆመችና፦

«ግብር ለሁለት ቤት፤ ደረሰኜ ይኸው።
ካሳ ስል ግን ሁሉም በሩን ነው የሚዘጋው፤
ቀበሌው ‹ከተሜ›፣ ከተማው ‹ገጠሬ›፤
እንግዲህ የት ነን፣ እኔና በርበሬ?»

«ቀያሹ ያስረዳ።»
ቀያሹ እኔ ነኝ።
ተነሣሁ፤ ምራቄ ደርቆ አስቸገረኝ።
ወሰኑን ያሰመርኩ ክረምት ነው፣ በምሽት፣
በዶለዶመ እርሳስ፣ መብራት በጠፋበት።
ማስመሪያ አስጠግቼ ውፍረቱን ለካሁ፤
ሁለት ሚሊሜትር። በልቤ አሰላሁ፦
አንድ ለአሥር ሺህ፤ መሬት ላይ ሲወርድ
ሃያ ሜትር ሙሉ፣ ከጎተራው እስከ መንገድ።
«አልተሳሳተችም» አልኩ፤ «እሷ የትም የለች፤
ከነማሳዋ መስመሬ ውስጥ ነች።»

ማንም አልሳቀ። ጸሐፊው «ይመዝገብ?» አለ።
ሰብሳቢው ስልኩን አነሣ፤ ካርታው ተጠቀለለ።
ለሐሙስ ተቀጠረ።

አንጓች መጥታ ጥጉን ይዛ ዘረጋችው፣
መስመሩን ፈልጋ በአውራ ጣቷ አሸችው፤
እርሳስ ነውና ደበዘዘ። ጣቷን አየች፤
የቡሬን ወሰን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።