መብራት ያዡ

የእኔ ሥራ መብራት መያዝ ነው፤ ሌላ ሙያ የለኝም፤
ክብ ናት፣ እንደ ብስክሌት ጎማ፤ ብትከብድም አትሰለቸኝም።
ሰም የላትም ይቺ መብራት፤ ካረፈችበት ላይ
ሁሉን ወርቅ ታስመስላለች፣ ዝገቱ እንዳይታይ።
እኅቴ ጁሲያራ ፊቷን ታቀርባለች፣
«ወደ ግራ... ዝቅ... እዛው ያዛት» ትላለች፤
አፍንጫዋ ሥር ጥላ ካየች
ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች።

ቤታችን ሬሲፌ ነው፣ ካፒባሪቤ ወንዝ ዳር፣
ከጭቃው ሸርጣን የሚለቀምበት ሰፈር።
መጀመሪያ የጥፍር ቀለም ነበር፣ ቀጥሎ የፀጉር ቅባት፣
ቀጥሎ ሆድ የሚያከሳ ሻይ፣ ያልቀመሰችው ለአንድ ሌሊት።
ጠዋት «ሕይወቴን ለወጠው» አለች፤
ማታ እኔ ደፋሁት።
ከሳ ከተባለ የከሳው
ሽንት ቤታችን ነው።

ከዚያ ያ ጨዋታ መጣ፣ ስልክ ላይ የሚሽከረከር፣
ሦስት ፓፓያ ሲገጥም ገንዘብ የሚዘንብ እንደ ጠጠር።
ኩባንያው ለእኅቴ የብቻዋን ሒሳብ ከፈተላት፣
ለማሳያ የተሠራ፣ መሸነፍ ያልተጻፈበት።
ሃያ ሬያል ታስገባለች፣ ሁለት ሺህ ይወጣል፤
እንደገና ታስገባለች፣ ኮሮጆው ያብጣል፤
እኔ መብራቷን ይዣለሁ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤
እሷ በደስታ ትዘላለች። ገንዘቡ? ሥዕል ነው፣ ይጠፋል።
«እኔ ከቻልኩ አንተም ትችላለህ!»
ዐሥራ አንድ ጊዜ ቀረጽናት ይህችን ቃል፤
በዐሥራ አንደኛው እኔም አመንኳት፣ እግዜር ያውቃል።

ወይዘሮ ዙሌይዴ፣ የታች ቤቷ፣ ዚፕ ቀያሪዋ፣
ጋዝ መግዣዋን አስገባች፤ ቀጥሎ ሄደ የቤት ኪራይዋ፤
ቀጥሎ አንድ ቅዳሜ፣ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣
በጋሪ ሲወጣ አየሁት፣ እንደ ሬሳ ተከድኖ፣
የስፌት መኪናዋ።

ዳቦ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤
አሣ ሻጩ አደርባል
ሚዛኑን ትቶ በዓይኑ ይመዝነኛል።
አንድ ማለዳ በራችን ላይ በከሰል ተጽፎ አደረ፦
«ስንት ከፈሉሽ?»
ዝናብ አጠበው፤ ጥያቄው ግን ቀረ።

ዙሌይዴ መጣች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበች፤
መርፌ እንደያዘ ጣት ረጋ ብላ ተናገረች፦
«ጁሲያራ ልጄ፣ ላንቺ ተከታይ ነበርኩ።
መጀመሪያ የጫማ ሰፊው ልጅ ተበላ፣ ከዚያ የነርሷ ባል፤
ተከታይዋ እኔ ሆንኩ።»
እኅቴ መልስ አልነበራትም። መብራትም አልነበረም፤
ያለ መብራት ፊቷ ምን እንደሚሠራ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ኩባንያው ጻፈ፦ «ይቅርታ ጠይቂ፤
ነጭ ሸሚዝ ይሁን፤ ከቻልሽ እንባ አፍልቂ።»
ወንበሩን ከመስኮቱ አራቅን፤ መብራቷን አነሣሁ፤
ከጎኗ አንድ የሶፍት ካርቶን፣ ስሙ ወደ ካሜራ የዞረ፣ አየሁ።
«ይሄስ?» ብላት፣ «እነሱም ከፍለዋል» አለችኝ፣
«ዝቅ አርጋት፣ አትሸፍንብኝ።»

አንዴ አለቀሰች፤ «ቅንድቤ አይታይም» ብላ ሰረዘችው።
ሁለቴ አለቀሰች፤ የጎረቤት ውሻ ጮኾ አበላሸው።
ሦስተኛው ላይ፣ ልማል?፣ እውነት መሰለኝ፤
ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ተሰበረ፤ እጄ ዛለብኝ፤
መብራቷ አዘነበለች፣ ግማሽ ፊቷን ጨለማ ዋጠው።
«ሞኝ!» አለች፣ «ምርጡ ነበር፤ አበላሸኸው።»

ማታ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ መብራቷ ጭኔ ላይ ናት፤
የዙሌይዴ መስኮት ጨልሟል፤ ቆርጠውባታል መብራት።
የኔዋ ገመድ አጭር ነው፤ እታች ድረስ አይወርድም።
ያ የከሰል ጥያቄ ትዝ አለኝ፦
በሰፈራችን ቋንቋ ሲጻፍ ሴትና ወንድ አይለይም፤
«ሽ» ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ከፍለውኛል።
በአንድ ቀረጻ ዐሥራ አምስት ሬያል፤
ምሳ ይጨምራል።