ያልተወረወረለት ኳስ

ኢንዲያናፖሊስ፣ የካቲት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ማሞቂያው ብቻ ያንኮራፋል፣ እንዳረጀ ድመት።
ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ የሰው ልጅ ጉልበት ስገምት፣
መዳፍ በኢንች ስለካ፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት።

ዛሬ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ቆመው ነበር በየተራ፣
በቁምጣ ብቻ፣ ደረታቸው ባዶ፣ ቁጥራቸው በማይክ ሲጠራ።
እኛ ወንበር ላይ ነን፣ እርሳስ ጆሯችን ላይ ሰክተን፣
ቁመት፣ ክብደት፣ የክንድ ርዝመት፣ አንድ ሳናስቀር መዝግበን።
የሰንጋ ገበያ ነው እንዳልል፣ ሰንጋ አይፈርምም ውል፤
አይደለም እንዳልል፣ የቀረን ጥርስ ማየት ነው፣ እውነቱን ለመናገር ያህል።

«ታይት ኤንድ ምንድን ነው?» አለችኝ ግሬታ፣ በተጋባን በዓመቱ።
የሌሊት ወፍ ነው አልኳት፤ ክንፍም ጥርስም ነው ሀብቱ።
ከግዙፎቹ ጋር መስመር ላይ ጎንበስ ብሎ ይገፋል፣
ዞር ስትይ ከፈጣኖቹ ጋር ኳስ ፍለጋ ይከንፋል።
በተረቱ የሌሊት ወፍ ከወፍም ከአይጥም ግብር ያመልጣል፤
ይሄኛው ግን፣ ምስኪን፣ ለሁለቱም ቤት ይገብራል።

ዘንድሮ ሁለት ስም ይዣለሁ። ምርጫው አንድ፣ አራተኛ ዙር።
ላዛር ዱፕላንቲየር፣ የሉዊዚያና ልጅ፣ ሲሮጥ ሣሩ አያውቀውም፤
አርባ ያርዱን የጨረሰበትን ሰዓት መያዣዬ ራሱ አላመነውም።
እጁ ሙጫ ነው። የነካውን አይለቅም።
ግጭት ሲመጣ ግን ትከሻው ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቃል።
ሁለተኛው ኮርዊን ቫሼክ፣ ከደቡብ ዳኮታ፣ ካርታ ከረሳው ኮሌጅ፤
ሲሮጥ ጎኔ ያለው ሰውዬ ሳቀ፤ «ይሄ ለእርሻ ነው የሚበጅ።»

አሁን ፊልሙ ፊቴ ነው። ጥቅምት፣ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ባዶ ወንበር።
ሦስተኛው ሩብ። ቡድኑ በሃያ አራት ነጥብ ይመራ ነበር፣
ይመራ ስል፣ ሌላው ነው መሪው።
ኳሱ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ቫሼክ ግራ ነው።
ካሜራው ጥሎት ሄደ፣ ግማሽ ገላው ጥጉ ላይ ቀረ።
ወደ ኋላ መለስኩት። ደግሜ። ሰባት ጊዜ።
የሚገፋው ልጅ በሃምሳ ፓውንድ ይበልጠዋል፤
የቫሼክ እግር ግን እንደ ስፌት መኪና፣ አጭር አጭር፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣
ፊሽካ እስኪነፋ አይቆምም።
ሲነፋ ለቀቀው። ከዚያ ተንበረከከና
ጭቃው የዋጠውን የዚያን ልጅ ጫማ
በሁለት እጁ ቆፍሮ አወጣለት።

ቅጹን አገላበጥኩ፤ ለዚህ ሳጥን የለውም።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፣ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ጠርዙ አልቋል፤
በራሴ ጽሕፈት፣ «እጁ ትንሽ ነው፤ አይመከርም» ይላል።
ያ እጀ ትንሽ ለሌላ ቡድን ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ፤
እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን፣ በዚያችው እጁ፣ ሰላም የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።
በዚያው ዓመት «እንከን የለሽ» ያልኩት
ጉልበቱ በሁለተኛው ሳምንት ተበጠሰ።
ቱልሳ ውስጥ ጎማ ይሸጣል።
ለገና ካርድ ይልክልኛል፤ በየዓመቱ፣ ሳያሳልፍ።

ሲነጋ አለቃዬ ኡልሪክ ቡናውን እንደያዘ መጣ።
«ቫሼክ ፈጣን ነው?»
አይደለም።
«ታዲያ?»
ላፕቶፑን ወደሱ አዞርኩ። ጥቅምቱን፣ ዝናቡን፣ ጭቃውን ከፈትኩ።
«ግራውን ጥግ እይ» አልኩት።
ቡናውን ፉት እያለ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።
ዓይኑን ስከተል
ኳሱ ላይ ነበር።