ቆጣሪ አንባቢው

ሠላሳ በረዶ በሰሜን ዳኮታ
ቆጣሪ አነበብኩ በጧትና በማታ፤
የማን ቤት ማሞቂያ፣ የማን ላም ማለቢያ
የሚጠጣው በቃሌ ነው፤ አያሻኝ መጻፊያ።

ትናንት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራን፣
ከፌዴራል ቢሮ ሰው መጥቶ ሊያስረዳን፤
ስክሪን ዘረጋ፣ መስመር ሽቅብ ወጣ፤
«ድርቅ ነው» አለን፣ «ግድቡ ውሃ አጣ፤
የጎደለውን ኃይል ከገበያ ለቅመን
ግማሽ ሳንቲም ብቻ ጨመርን፣ ተሳቀን።»

እያሳሳቀ ነው ውሃ የሚወስደው፤
አምናም ግማሽ ነበር፣ ካቻምናም ግማሽ ነው።

ሎይድ ኦስትቦ ተነሣ፤
«ደንበኛ አትበለኝ፤ ደንበኛ ይመርጣል፤
ለእኔ ከሌላ ወንዝ ማን ኃይል ይሸጣል?
ፓምፔን ባጠፋ ድንቼ ነው ሟቹ፣
ባበራው እኔ ነኝ።» ሳቁ ጎረቤቶቹ።

ሳቁ ገና ሳይበርድ፣ ከዘራዋን አንሥታ
አልሜዳ ግሬይክሮው ተነሣች በዝግታ፤
ሂዳትሳ ናት፤ ዘጠና አልፏታል።
«ዋጋ ትላለህ፣ ልጄ፤ የእኛው የት ገብቷል?
የእናቴን በቆሎ፣ የመንደሬን ደጃፍ
ውሃ በላው ያን ጊዜ። በየትኛው ረድፍ
ጻፋችሁት?»
ሰውየው ጎንበስ ብሎ
ጻፈ፦ «አስተያየት፣ ቁጥር አርባ ሁለት» ብሎ።

ዛሬ ቤቷ ሄድኩኝ፣ ቆጣሪ ላነብ፤
ሐይቁ ሸሽቷል፤ ደለል፣ ጎማ፣ የዓሣ መረብ፣
ከመሃል አንድ ደረጃ፣ በር የሌለው፣ ብቻውን።
«የቤታችን ነው» አለች፤ አበራች የበረንዳውን አምፖሉን።

ቀን ነበር። ምንም አላልኩም።
ቆጣሪው ሲዞር ቆሜ አየሁ፤ ቁጥሩን አልጻፍኩም።