ስምንት ላይ አደረ

በነቀምት መውጫ፣ በቡሬ ዳርቻ፣
ጎማ እጠግናለሁ፣ በግራ በኩል ብቻ፤
ቀኙን ታላቅ ወንድሜ፣ ልየው ነው የያዘው፣
አሮጌውን ኮምፕሬሰር ለእኔ ሽጦ አዲስ የገዛው።
ሁለት ዓመት ሞላን ሰላም ካልተባባልን፤
በቆሎ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍብን
አንዱ አቧራ ነው እኩል የሚያለብሰን።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ማታ ሆዱን ሞልቼ፣ ቀስቱን ስምንት ላይ ትቼ፣
እተኛለሁ፣ የጓሮውን በር ዘግቼ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲል ድድድድ ይላል ብቻውን፣
ይቀሰቅሳል ልጄን፣ የጎረቤት ውሻውን፤
ገነቴ በጨለማ ብርድ ልብሷን ገፍፋ፣
«ማነው በዚህ ሌሊት ጎማ የሚያስነፋ?»
ማንም።
ሰልባቲዮው ነው፣ ሲጎድል የሚሞላ፣
ሲሞላ የሚጎድል፣ መብራት እየበላ።

የወሩ ቢል መጣ፤ ደሜ ፈላ።
ቅዳሜ፣ ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣
«ቀዳዳ ነው የሸጥክልኝ!» ብዬ
ስሙን አጠፋሁት በከተማ።
ልየው አልመለሰም። ግሪስ የጠጣ ጨርቁን
ትከሻው ላይ ጣለና ተሻገረ መንገዱን።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሄደ።
ወፍጮው ዝም አለ፤
የመጠጥ ቤቱ ዘፈን፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም አለ፤
እንዲህ ያለ ጸጥታ ቡሬ ውስጥ ለካ አለ!
ያን ጊዜ ሰማሁት፦
ሽ…
እባብ አይደል፣ ውሃ አይደል፤
ከበር ኋላ ቆሞ እንደሚያማ ሰው፣
ስምህን አንሥቶ፣ ስትቀርብ እንደሚተው።

ኦሞ በጣሳ በጠበጥኩ፣ የጺም ብሩሼን ነከርኩ፣
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ ከጎኑ ተንበረከክኩ።
የጌጁን አንገት ቀባሁ፤ ምንም።
የሴፍቲ ቫልቩን ቀባሁ፤ ምንም።
የጎማው ዳዶ ላይ ግን አረፋው አበጠ፣
እንደ ሕፃን ልጋግ ድቡልቡል ብሎ ፈረጠ፣
ደግሞ አበጠ።
«ያዝኩህ!» አልኩ። መዝጊያውን ዘግቼ ዳዶውን ፈታሁ፣
ክሩን በቴፍሎን አምስት ዙር ጠምጥሜ፣ መልሼ አጠበቅሁ።
ጆሮዬን ጣልኩ።
ሽ…

የላዩን ነው እንጂ የሆዱን ሥር መች አየሁ?
በጀርባዬ ተንሸራትቼ ከታቹ ገባሁ።
ከውሃ ማፍሰሻዋ ቫልቭ ብሩሹን ባስጠጋው፣
እሳት እንደ በዛበት ወተት ገነፈለ አረፋው።
ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፣ ሲሸጥልኝ ያለኝ፣
ብሩን ሳይቆጥር ገና፣ እጄን ይዞ የነገረኝ፦
«አየር ሲታመቅ ያልበዋል፤ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤
በየሳምንቱ አፍስስለት፤ ካልሆነ ዝገት ይበላዋል።»

አንድ ቀን አላፈሰስኩም።

ፈታኋት። የሁለት ዓመት ውሃ፣
ጠቆር ያለ፣ ዝገት የጠገበ፣
በአንገቴ፣ በሸሚዜ፣ በከፈትኩት አፌ
እየጮኸ ተፋብኝ።
ገነቴ ሻማ ይዛ ከበሩ ላይ ሳቀች።
እኔ አልሳቅሁም፤
ምላሴ ላይ ብረት ብረት ይለኛል።

ቫልቯን በሽቦ ፍቄ፣ አጥቤ፣
ከአሮጌ ከመነዳሪ የሳንቲም ያህል ጎማ ቆርጬ፣
ከትቼ ዘጋሁ።
መብራቱ የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው።

በማግስቱ ሌሊት ሞተሩ አልተነሣም፤ ውሻውም አልጮኸ፤
እኔ ግን ሦስቴ ነቅቼ፣ በባዶ እግሬ ሄጄ፣ በባትሪ አየሁት።
ሲነጋም ቀስቱ እዚያው፣ ስምንት ላይ አድሯል።

ልየው ማዶ የቆርቆሮ በሩን እያነሣ ነበር።
«ውሃውን አፈሰስኩት!» አልኩ።
አይሱዙ በመሃላችን አለፈ።
አቧራው እስኪወርድ ጠበቅሁ።
«ምን አልክ?»
«ውሃውን! አፈሰስኩት!»
ጨርቁን ከትከሻው አወረደ፤
እጁን ጠረገ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት።
«በየሳምንቱ ነው» አለ።