አንዲት «ረ»

የቢቸና ዝናብ ነሐሴን ሲጨርስ፣
ጫማዬን ጭቃ ውጦ ሱሪዬ ሲርስ፣
ዕቃ ቤቱ በር ላይ በብርድ ስንቀጠቀጥ፣
በመሪጌታ ስሙር እጅ ቁልፉ ሲገላበጥ፣
«ማንን ነው ፍለጋህ?» አሉኝ ሳያዩኝ።
«የአያቴን አባት።» «ስሙስ?» «እሱ ነው ያስቸገረኝ።»
«አያትህስ ማነው?» «ተገኘ ይባላል።»
ሳቁ። «መገኘቱን ስሙ ይናገራል፤
ከየት እንደሆነ ግን ማን ያውቅለታል?»

ስንክሳሩ ወጣ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ፣
ጠርዙ በአይጥ ጥርስ ግማሹ ጎድሎ።
በመጨረሻው ብራና፣ ጸሎት ባለቀበት፣
የልጆች ክርስትና ተጽፎ አየሁበት፤
አንዱ በቀይ ቀለም፣ አንዱ በጥቁሩ፣
ከመሬት ክርክርና ከበሬ ብድሩ
ጎን ለጎን ሰፍሮ።

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፲፬፣ ዘመነ ማርቆስ።
ልጅ ተገኘ። የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል።
እናቱ የውብዳር።
አባቱ—
እዚህ ላይ ቢላ አልፏል።
ብራናው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል።
ከፍቁ በላይ፣ በሌላ እጅ፣ በቀጭን ብዕር፣
«ስመ አቡሁሰ እግዚአብሔር ያአምር»።

መስኮት ዘንድ ወሰድኩት፣ ብርሃን ላይ ያዝኩት፣
ጣቴን ሳላስነካ በዓይኔ ዳበስኩት፤
ከጠፋው መካከል አንዲት «ረ» ቀረች፣
ቢላው እንዳያገኛት ጎንበስ እንዳለች።

በቤታችን የሚወራው እንዲህ ነው፦
ቢረሳው የሚባል ተሠሪ ወታደር
አንድ በጋ ሙሉ ከደጃቸው ሲያድር፣
ሚያዝያ ሲጋመስ በቅሎውን ጭኖ ሄደ፤
የውብዳር ሆድ ግን ቆይቶ ከበደ።
ስሙ ቢረሳው ነው፤ እሱም ረሳው አሉ።
አጎቶቼ እስካሁን በዚህ ይማረራሉ፤
ርስት ሲካፈሉ፣ አጥንት ሲቆጥሩ፣
እዚያች ስም ላይ ደርሰው ተመልሰው ቀሩ።

ደብረ ማርቆስ ተሻገርኩ፣ ወደ አሮጌው ግምጃ ቤት፣
የጦሩ መዝገብ ሁሉ በገመድ የታሠረበት።

ተራ ቁጥር ፫፻፲፯። ወታደር ተገኘ አስረስ።
ዕድሜ፦ ሃያ ግድም። መልክ፦ ጠይም።
ምልክት፦ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ።
ጠመንጃ፦ ምንሽር፣ ማንገቻው የተበጠሰ።
ጥይት፦ አሥራ አምስት። ካፖርት፦ የለም።
ተጠሪ፦ እናቱ የውብዳር።
ፊርማ፦ የአውራ ጣት።

አስረስ? ማነው አስረስ? በቤታችን ወሬ
ስሙ ተነሥቶ አያውቅም እስከ ዛሬ።
ገለበጥኩት ወረቀቱን። በጀርባው፣ ከታች፣
ቀለሟ የገረጣ አንዲት መስመር አለች፦
«ዋስ፦ የመቶ አለቃ አስረስ ጓዴ።»

ጸሐፊው ቸኩሎ ይሆናል። ወይም ልጁ ዝም ብሎ፣
«አባት?» ሲባል ቆሞ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣
ከጎኑ ያለው ሰው «የእኔን ጻፍለት» ብሎ—
በርኅራኄ ይሁን? ወይስ ሃያ ዓመት
አዝሎት የኖረውን ዕዳ ሊከፍልበት?
አንዱ ስም መርሳት ነው፣ አንዱ ስም ማስረሳት፤
ከሁለቱም መካከል ያቺው «ረ» አለችበት።

ተመልሼ ነገርኳቸው። «ቅኔ ነው» አሉና፣
«ሰሙን ቢላ ፋቀው፣ ወርቁ አልወጣም ገና፤»
ቀጣዩን ቅጠል ገልጠው ሌላ መስመር አሳዩኝ፣
በዚያው በቀጭኑ ብዕር፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ፦
«ከየውብዳር የገባ፣ አንድ ቁና ጤፍ፣
ስለ ጸሐፊው ድካም።»
የምን ድካም? ለመጻፍ? ወይስ ስም ለመግፈፍ?
አየኋት፦ ልጁን በጀርባ፣ ጤፉን በእቅፏ፣
ቆማ ስታስፍቀው፣ ሳይላወስ አፏ።
ምናልባት ለማዳን፣ ምናልባት ለቂም፤
የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ የለችም።

አክስቴ ዘርትሁን፣ ይህን ሁሉ ስነግራት፣
ዓይኗን ከደነችው፤ እንቅልፍ የወሰዳት
መሰለኝ። ቆይታ፦
«ጤፉ ነጭ ነው ቀይ?» አለችኝ።
«መዝገቡ አይልም።»
«አያቴ ስትቆጣ ቀይ፣ ሲደላት ነጭ ነበር የምትሰፍር።
ይህን ካልጻፉማ፣ ምኑን ጻፉት ታዲያ?»