ውኃው ሲፈቅድ

ከዚራ ጥላ ሥር ባጃጄን አቁሜ፣
ያን የቀትር ግለት በላብ ተሸክሜ፣
አንዲት ልጅ መጣች ከመንገዶች ቢሮ፤
ረምዚያ ነው ስሟ። ንግግሯ አጥሮ፣
«አቦ፣ ስልክህን ለሳምንት ከፍተህ ንዳ» አለች፤
ከመስታወቴ ጎን በላስቲክ አሰረች።

«የቱ ጋ ትቆማለህ? የቱ ጋ ትዞራለህ?
የቱን ጉድጓድ አይተህ ወዴት ትሸሻለህ?
ስምህ አይጻፍም፣ ታርጋህም አይወጣ፤
መስመር ብቻ ይቀራል፣ ከጎማህ የመጣ።»

«ለትራፊክ ፖሊስ ነው?» አልኳት እየሳቅሁ።
(ከሳቄ ሥር ግን ትንሽ ተጨነቅሁ።)
«ለማንም ነው» አለች፣ «እንደ ታይዋን ገበያ፤
ገብቶ አይቶ መውጣት ነው፣ የለውም መክፈያ።
ዳቦ አከፋፋዩም፣ ባለ አምቡላንሱም፣
ያወርደዋል ማንም፤ አይጠየቅ ስሙም።»

ነዳሁ።
ከሳቢያን ለገሃሬ፣ ከገንደ ቆሬ መጋላ፤
ተማሪ፣ ጆንያ ሽንኩርት፣ አንዲት ፍየል ከኋላ።
ቀፊራ ማዶ ያለች ጉድጓድ፣ ሁላችን የምንሸሻት፣
ካርታው ላይ ቅስት ሆና ወጣች፤ መሐንዲስ ያላያት።
ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ጫት ከአወዳይ ሲደርስ፣
መስመሩ ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ጥግ ሲፈስ፣
«ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች፣ እያወቀች።
«አስቸኳይ ስብሰባ» አልኳት። ሣቀች፤ «ጫት» ብላ ጻፈች።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርታው ተኛ።
ውሻ ብቻ ይዞራል፤ ውሻ ደግሞ ስልክ የለውም።

በሳምንቱ አሳየችኝ፤
የመቶ አርባ ባጃጅ ክር ባንድ ላይ ተጠልፎ፣
ቤት የለ፣ ግንብ የለ፣ ጎማ ብቻ ተጽፎ፤
ከመሐል አንድ ክር ከሁሉም ወፍሮ፣
ፕላኑ «አሸዋ» ያለውን ደቻቱን ተሻግሮ።
በድልድይ ስንዞር ቤንዚኑ ይበላል፤
አሸዋው ግን ያው ነው፣ ባቋራጭ ያደርሳል።

«እንግዲህ መንገድ ነው?» አለች ለራሷ።
ቅጹ ሁለት መልስ ነው ያለው፦ «ነው»፣ «አይደለም»፤
ጎማ ለጣፊው ሮብሌ ግን ዝም አላለም።
(ሮብሌ በሶማልኛ «ዝናብ ያለው» ማለት ነው፤
ወንዙ ዳር ሠላሳ ዓመት ኮምፕሬሰሩን ያስጮኸው።)
«ጻፊ» አላት፣ «መንገድ ብለሽ። ወንዙ ግን አያነብም፤
ፊደል አልቆጠረም። ቀይ ሲበራም አይቆምም።»

ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ቆይታ ቆይታ፣
ከቅጹ ግርጌ ካለች ጠባብ ቦታ
እንዲህ ብላ ጻፈች፦
«መንገድ ነው፤ ውኃው ሲፈቅድ።»

ነሐሴ።
ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከቡ እንደ ጨው፤
ደንገጎ ላይ ብልጭታ፤ ማን ልብ ሊለው።
ፍራሽ ጭኛለሁ፣ ባለፍራሹ ከላዩ፤
ነገ ሙሽራ ነው፣ ጥድፊያ ነው ጉዳዩ።
አሸዋው አፋፍ ላይ ስልኬ ተንጫጫ፦
የደቻቱ መስመር ቀልቷል። ከላይ ያለ ዘበኛ፣
መልኩን የማላውቀው፣ «መጣ» ብሎ ጽፏል ለእኛ።
«ዎሪያ፣ ንዳ እንጂ! አሸዋው ደረቅ ነው!»
ደረቅ ነው። አየሁት። ቆምኩ።
ሮብሌን ፈለግሁት፤ ስልክ የለው፣ ካርታ የለው፣
ኮምፕሬሰሩን ግን ከኔ ቀድሞ አውጥቶታል።

ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ባቡር መሳይ፣ ባቡር ያልሆነ፤
ከዚያ ግንድ፣ በርሜል፣ ጎማ፣
አንድ የቤት በር ከነቁልፉ።

በማግስቱ ረምዚያ «እንዴት አወቅህ?» አለችው።
«ሸተተኝ» አላት።
ሽታ የሚጻፍበት ዓምድ ፈልጋ አጣችው።

ለኔ ደግሞ ስክሪኑን አዞረችልኝ፤
ክሬ ከመጋላ ተነሥቶ፣ አፋፉ ጋ ደርሶ፣
አርባ ደቂቃ ቆሟል፣ ጭራውን ቀልብሶ።
ስም የለው፣ ታርጋ የለው፤
አንዲት ወፍራም ነጥብ።
እኛ ነን። ከነፍራሹ።